ሐይቅ የነበረው ማሳ

ወደዚያች ቀበሌ የሄድኩት መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው። ከቡታጅራ ባጃጅ ይያዛል፤ ባጃጁ አስፋልቱን ለቆ የቻለውን ያህል ይሄድና ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል በእግር ነው። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሜዳው ጥቁር ነው። በላዩ ጥቅል ጎመኑና ቃሪያው በመስመር በመስመር ተተክሎ ይታያል። ከሜዳው ማዶ ሐይቁ አለ፤ ሐይቁ ማለት የተረፈው። ሰዎቹ ቦይ ቆፍረው ወደ ወንዝ እስኪያፈሱት ድረስ ሜዳውን በሙሉ ይዞት የነበረው እሱ ነው። አሁን ጎመኑን የሚጭኑ አይሱዙዎች በሳምንት ሁለት ቀን ከአዲስ አበባ እየመጡ ከዳገቱ ላይ ይቆማሉ። ወደ ሜዳው አይወርዱም። ለምን እንደማይወርዱ የገባኝ በኋላ ነው።

እኔ የተወለድኩት በአረቅጥ በኩል፣ ደጋ ላይ ነው። እኛ ጋ መሬት ዝም ያለ ነገር ነው። እዚህ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ የዕረፍት ደወል ተደወለና የጎረቤት ክፍል ልጆች ግር ብለው ወጡ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ጠመኔ ተንከባሎ ወደቀ፣ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ። የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ ልጆቹን ላስወጣ ዞር ብል አንዳቸውም ቀና አላሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ዳይሬክተሩን ስጠይቀው ከላይ የምንረግጠው ቅርፊት መሆኑን፣ ከሥሩ ያለው ዘመናት የተከማቸ የሸምበቆና የሣር ሥር እንደሆነ፣ ያም ውሃ ጠጥቶ እንደ ፍራሽ እንደሚለሰልስ ነገረኝ። ትለምጂዋለሽ አለኝ።

ለመድኩት። ያልለመድኩት ድንጋይ አለመኖሩን ነው። በሜዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ ውሻ የሚያባርሩበት ጠጠር አይገኝም። ልጆቹ ሲጣሉ የሚወራወሩት ጓል ነው፤ ጓሉም ሲደርቅ እንደ ቡሽ ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት ይንሳፈፋል። አንድ ጊዜ ከተማሪዎቼ አንዷ እናቷ እሳት ስታነድ ጓል ወደ ምድጃው ወድቆ ቀስ ብሎ እየቀላ እስከ ማግሥቱ ሲያቃጥል ማደሩን ነገረችኝ። ልጆች የሚያወሩት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

በሁለተኛው ዓመት እዚያው አገባሁ። ባለቤቴ ቡታጅራ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ አባቱ ማሳ የተመለሰ፣ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። አባቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል። ሰውን አስተባብረው ቦዩን በአካፋ ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ውሃው ሲሸሽ የመጀመሪያውን በቆሎ የዘሩት፣ ሲሞቱም በኑዛዜያቸው መሠረት ከማሳው ራስ ላይ የተቀበሩት እሳቸው ናቸው። ቀብሩ በዙሪያው ቁልቋል ተተክሎበት ከቤታችን ደጅ ይታያል።

ከእኛ ጋር የምትኖረው አማቴ ነበረች። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ዓመት ከዓመት ባዶ እግሯን የምትሄድ ሴት ናት። ልጇ ጫማ ሲገዛላት ለሰርግና ለበዓል ታደርገውና ወደ ቤት ስትመለስ ደጃፍ ላይ አውልቃ በእጇ ይዛ ትገባለች። እኔና እሷ ሁለታችንም ጉራጌ ነን፤ ግን የእኔ የደጋው ንግግርና የእሷ የመስቃኑ ፈጥነው ሲነገሩ አይገናኙም። ስለዚህ የተግባባነው በአማርኛ ነው፤ እሷ በራሷ ቅላፄ፣ እኔ በራሴ።

ደጃችን ላይ አንድ የብረት ቱቦ ነበረ። የባለቤቴ አባት ቦዩን ባስቆፈሩበት ዓመት በቅሏቸውን ሊያስሩበት የቀበሩት ነው። ያኔ ከጉልበታቸው አይበልጥም ነበር አሉ። እኔ ስመጣ ወገቤ ጋ ደርሷል። ሴት ልጄ ተወልዳ አምስት ዓመት ሲሆናት ትከሻዬን አለፈ። የሰፈሩ ልጆች ብረቱ ያድጋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ቁመታቸውን ከእሱ ጋር ሲለኩ ሁልጊዜ ይበልጣቸዋል። ባለቤቴ ሳቅ ብሎ ብረቱ ከሥር ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ እንዳለ መሆኑን፣ ወደ ታች የሚሄደው መሬቱ መሆኑን አስረዳኝ። ውሃው ከወጣ ወዲህ አፈሩ እየደረቀ፣ እየሟሸሸ፣ እየሰመጠ ነው። እኛም፣ ቤታችንም፣ ጎመኑም አብረነው እየሰመጥን ነበር። በየዓመቱ በራችን አልዘጋ ይላል፤ በየዓመቱ ባለቤቴ ከታች ያለውን እንጨት ይፍቃል።

አንድ በጋ ወንዶቹ መጋቢ ቦይ ሲቆፍሩ አካፋቸው ቆዳ ነካ። አፈሩን ሲገልጡ በሬ ነው። አጥንቱ ሟሙቶ ቆዳው እንደ ለፋ ጠፍር ጠቁሮ ተጣጥፏል፤ ግን ፀጉሩ አለ፣ ቀንዱ አለ፣ የዓይኑ ሽፋል ሳይቀር አለ። ሰው ተሰበሰበ። አማቴ መጣችና ጎንበስ ብላ የግራ ጆሮውን በጣቷ ገለበጠችው፤ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ምልክት ነበረው። የአባቷ በሬ እንደሆነ፣ ልጅ ሆና ሐይቁ ዳር ስታግደው ሣር ተከትሎ ገብቶ እያየችው እንደሰመጠ ተናገረች። አባቷ በዚያ ምክንያት እንደገረፏትም ጨመረች። ከዚያ ቀና ብላ ወንዶቹን መልሱት አለቻቸው። መለሱት፤ አፈር አለበሱት፤ ቦዩንም በሌላ በኩል አዞሩት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ቦታው ምን ዓይነት እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በልጉ በቀረበት ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ሁሉም እንደ ልማዱ አገዳውን በየማሳው ከምሮ አቃጠለ። እሳቱ በየቦታው ነደደ፣ ጠፋ፤ አመዱን አረሱት፤ ጎመኑንና ቃሪያውን ተከሉበት። በልግ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ሳይመጣ ቀረ። ሐይቁ ከማዶ የበለጠ ሸሸ። በቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር።

አንድ ጠዋት አማቴ ከማሳ ተመልሳ ወጥ ቤት ገባችና እግሯን ወደ እኔ ዘርግታ እንድነካው ጠየቀችኝ። ነካሁት። የውስጥ እግሯ ሞቃት ነው። ጤዛ ላይ ተመላልሳ የመጣች ሴት ነች። አሞሽ እንደሆነ ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው።

«መሬቱ ነው» አለችኝ። «ከቃሪያው መደብ ወዲህ በኩል መሬቱ ትኩሳት ይዞታል።»

ለባለቤቴ ነገርኩት። ፀሐይ ነው አለ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ምን ፀሐይ አለ ስለው ቦቲውን አጥልቆ ወጣ። ያኔ ከእሷ በቀር ባዶ እግሩን የሚሄድ የለም፤ ሁሉም ቦቲ ወይም የጎማ ጫማ አለው። ስለዚህ ከእሷ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

ከዚያ ጭሱ መጣ። መጀመሪያ ጭስ መሆኑንም አላወቅንም። ጎህ ሲቀድ ከጎመኑ መስመሮች መሀል ቀጭን፣ ነጣ ያለ ነገር ይወጣና ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ጉም ነው ተባለ። ግን ጉም አይሸትም፤ ይህኛው የተቃጠለ ፀጉርና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበረው። ከሳምንት በኋላ ቀን በቀንም መታየት ጀመረ፤ አንድ ቦታ ይታይና ይጠፋል፣ በማግሥቱ ሃያ እርምጃ አልፎ ይወጣል። ነበልባል የለም፤ ድምፅም የለም። ውሃ በባልዲ ሲያፈሱበት ሽው ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ በሌላ በኩል ይተነፍሳል። ጂን ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የመስጊዱ ሼህ መጥተው ቁርኣን አነበቡ፤ ሲጨርሱ ግን ለባለቤቴ ቀስ ብለው ጂን ይሁን አይሁን አላህ ነው የሚያውቀው፣ አንተ ግን ልጅህን ወደ ማሳው አታስጠጋ አሉት።

እኔ ልጄን ይዤ ትምህርት ቤት ነበር የምውለው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ምሳ ሊበሉ ወጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ከአጥሩ ማዶ በቦዩ ዳር የተተከለ ረድፍ ባሕር ዛፍ ነበረ። ከመሀሉ አንዱ ዛፍ ዘንበል አለ። ሲያጋድል የመሰበር ድምፅ አልነበረውም፤ ሰው ደክሞት እንደሚጋደም ቀስ ብሎ ተኛ። ሥሩ ከመሬት ሲወጣ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሥር የሚባል አልነበረውም። ከግንዱ በታች ጥቁር ጉቶ ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ፍም ብልጭ ይላል። ልጆቹ እንጀራቸውን እንደያዙ አዩት። ከዚያ ሁለተኛው ዛፍ ተኛ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ረድፉ በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ ነፋስ በሌለበት ተጋደመ። ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ ነው የወደቁት።

ከዚያ ወዲያ አማቴ ሥራ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ባዶ እግሯን ማሳ ለማሳ ትዞራለች፤ እኔ ከትምህርት በፊት የቀርከሃ ስንጥር ተሸክሜ እከተላታለሁ። ሞቅ ያለበት ስትደርስ ትቆማለች፣ እኔ ስንጥር እተክላለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ እግሯን አንሥታ በሌላው ትቆምና ሁለት ትከይልኝ ትላለች፤ ሁለት ማለት አትርገጡት ማለት ነው። ወንዶቹ ከሩቅ እያዩ ይሳሳቁ ነበር። ከቀን ወደ ቀን ስንጥሮቹን ሳይ መስመር ሠርተዋል። መስመሩ ከእኛ ማሳ ተነሥቶ በሁለት በኩል ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ወደ ባለቤቴ አባት ቀብር። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላለችም። እኔም ስንጥሬን መትከል ቀጠልኩ።

ላማችን የጠፋችው ሐሙስ ቀን ነው። ገመዷን በጥሳ ወደ ቃሪያው ገባች። ባለቤቴ እያፏጨ ከኋላዋ ሄደ። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። ላሟ እየሄደች ሳለ በድንገት አጠረች፤ ሌላ ቃል የለኝም። አራቱም እግሯ ገባ፣ ሆዷ መሬት ላይ ቀረ። ከዚያ ጮኸች። ላም እንደዚያ ስትጮኽ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ባለቤቴ ስንጥሮቹን አየ፤ እንዳያቸው አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ነበር። ከዚያ ገመዷን ሊይዝ ሁለት እርምጃ ሄደና ቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ።

እሱ አልጮኸም። በሆዱ ተኝቶ እግሩን ጎትቶ አወጣ፤ እየተሳበ ተመለሰ። የቦቲው ጎማ ቀልጦ ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጎረቤቶች በቃሬዛ ዳገቱን አወጡት፤ ከዚያ ባጃጅ ይዘን ቡታጅራ ሆስፒታል ገባን። ላሟን ማውጣት አልተቻለም። እኛ ስንሄድ ድምፅዋ ቆሞ ነበር አሉ።

ሆስፒታል ብዙ ተኛ። አንድ ከሰዓት ቁስሉ ታጥቦ ከተጠቀለለ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ነኝ የለኮስኩት። አገዳውን አቃጥዬ ሁሉም ሲጠፋ አንድ ቦታ ቀዳዳ ነገር ውስጥ ፍም ሲገባ አይቻለሁ። ይጠፋል ብዬ አፈር አለበስኩት።»

ሁሉም ሰው አቃጥሏል አልኩት። እሱ ግን ሌላው ሰው ፍሙ ሲገባ አላየም፣ እኔ አይቻለሁ አለኝ። ለማንም እንዳልናገር አልለመነኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ማታ ቤት ስመለስ አማቴ ልጄን አስተኝታ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አየችና ስለ እግሩ ሳትጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የሞቀኝ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የልጄ ማሳ ላይ ነው፣ ይህን በሆድሽ ያዥው አለችኝ። ልጄ ከተኛችበት አልጋ ድረስ የማሳው ሽታ ቤቱ ውስጥ ነበረ።

በማግሥቱ ወደ ሽማግሎቹ ሄድን፤ እሷና እኔ። ሐሳቡ የእሷ ነው፦ ቦዩ ይዘጋ። ከተዘጋ ሐይቁ ይመለሳል፤ ሐይቁ ከተመለሰ እሳቱ ይሞታል። ማሳውም አብሮ ይሞታል። ሽማግሎቹ ከመስጊዱ ጎን ዋርካ ሥር ተሰብስበው ነበር። የውሃ አባቱ፣ ማለት ቦዩን የሚጠብቁትና ውሃ የሚያከፋፍሉት ሰው፣ በመሀል ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው ከባለቤቴ አባት ጋር ጎን ለጎን የቆፈሩ ናቸው። አሰላሙ ዓለይኩም ተባባልን። አማቴ ሐሳቧን ተናገረች። ብዙ ክርክር ሆነ። ጎመኑ ሊደርስ ነው፣ ዝናብ ይመጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ያጠፋዋል አሉ። የውሃ አባቱ እጃቸውን አንሥተው ያንን ቦይ በደማችን ነው የቆፈርነው፣ ባልሽ ቢኖር ይህን ባልተናገርሽ አሏት።

እሷ ተነሥታ ከዋርካው ወደ ማሳው በኩል ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄደች። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ስንጥር አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እዚያ አልደረስንም ነበር። ለመስጊዱ ቅርብ ነው።

«ወንድሜ፣ ጫማህን አውልቅና እዚህ ቁም» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። የውሃ አባቱ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸውንም አወለቁ፤ መጥተው እሷ ከቆመችበት ጎን ቆሙ። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ መጀመሪያ ቁጣ ነበረበት፣ ቀስ እያለ ቁጣው ሄደና ያረጀ ሰው ፊት ብቻ ቀረ። እግራቸውን አነሡ። ወደ መስጊዱ ዞረው አዩ።

«ስንት ቀን ይበቃናል ሰብሉን ለማንሣት?» ብለው ጠየቁ።

በዐሥር ቀን አነሣነው። ጎመኑ ያልደረሰው ሳይደርስ፣ ቃሪያው አረንጓዴውም ቀዩም ተለቀመ። ከቤት በር፣ ከአልጋ ጣውላ እየተነቀለ መሬት ላይ ተነጠፈና በእሱ ላይ እየተረማመድን ነበር የምንለቅመው። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ነበር። ያን ጊዜ ያየ ሰው የምንሰግድ ይመስለው ነበር፤ እግራችንን አንሥተን፣ ቆም ብለን፣ ዳስሰን ነው የምናሳርፈው። ማንም አይጮኽም። ጭሱ በዙሪያችን ይወጣል። አማቴ ከፊት ትሄዳለች፤ እሷ ያልረገጠችውን ማንም አይረግጥም፤ እነዚያ ይሳሳቁ የነበሩት ወንዶችም ቢሆኑ።

የቀረው የቀብሩ ነገር ነበር። ስንጥሮቹ ቁልቋሉ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል። አንዳንዶች አጥንቱን አውጥተን ዳገቱ ላይ እናሳርፈው አሉ። ሼሁ ካልተገደድን በቀር መቃብር ባይነካ ይሻላል፣ ውሳኔው ግን የቤተሰቡ ነው አሉ። ባለቤቴ ከሆስፒታል እናቴ ያለችው ይሁን ብሎ ላከ። አማቴ ብቻዋን ወደ ቀብሩ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ተመለሰችና ይቅር አለች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ ደግሞ፣ ውሃውን ያባረረው እሱ ነው፣ እሱ ይቀበለው አለችኝ። እያለቀሰች አልነበረም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም ማወቅ ያቅተኛል፤ ሐዘንም ይመስላል፣ ለብዙ ዘመን አፏ ላይ የያዘችውን ነገር የተናገረች ሰው እፎይታም ይመስላል።

ቦዩን በአሸዋ ጆንያና በወደቁት ባሕር ዛፎች ዘጉት። የመጨረሻውን ጆንያ የውሃ አባቱ ራሳቸው አስቀመጡ። ከዚያ ሁላችንም ዳገቱ ላይ ወጥተን ቆምን። ውሃው ከሐይቁ በኩል ማዕበል ሠርቶ የሚመጣ መስሎኝ ዓይኔን ወደዚያ ተክዬ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። በሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንመጣ በተነቀለው ጎመን ጉድጓድ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ፣ ውሃ አለ። ከየትም አልፈሰሰም። ከሥር ነው የወጣው። የእግራችን ዱካ ሁሉ፣ ዐሥር ቀን የተመላለስንበት፣ የጣታችን ቅርፅ ሳይቀር ውሃ ሞልቶ ወደ ሰማይ ያያል። ከዚያ መሬቱ መተንፈስ ጀመረ። ሽው፣ ሽው እያለ እዚህም እዚያም እንፋሎት ይወጣል፣ አረፋ ይፈላል። ስድስት ቀን እንዲህ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ምንም ድምፅ አልነበረም። ያን ቀን ነጭ ወፎች መጥተው ውሃው ላይ ቆሙ። ለዓመታት ያላየናቸው ወፎች ናቸው፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ወደ ዳገቱ ተዛወረ። ቤታችን እስከ መስኮቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ቆርቆሮውንና በሩን አውርደን ቡታጅራ መጣን። ቤቱን ያጡት ጎረቤቶቻችን ከፊሉ ዳገቱ ላይ ቀርተዋል፣ ከፊሉ እንደ እኛ ከተማ ገብተዋል። ባለቤቴ ሁለት ጣቶቹን አጥቷል፤ ያነክሳል። አሁን የበርበሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል። እኔ ከተማ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛውሬአለሁ። ባለቤቴ ፍሙን ስላየበት ቀን እኔና እሱ ለሁለተኛ ጊዜ አውርተን አናውቅም። አንዳንድ ቀን ወፍጮው ሲሞቅ እጁን ብረቱ ላይ አሳርፎ ቆሞ አየዋለሁ።

አማቴ ከተማ ከገባን በሦስተኛው ዓመት በሰላም አረፈች። ከማረፏ በፊት ለዓመታት በሆዷ ይዛው የነበረውን ነገር ለልጇ ነገረችው፤ የመጀመሪያው ሙቀት የት እንደተሰማት ታውቅ እንደነበር፣ እሱም ማወቋን ሳያውቅ መሞት እንደማትፈልግ። እጇን ስሞ አለቀሰ። እኔ ልጄን ይዤ ከክፍሉ ወጣሁ። የቀበርናት ቡታጅራ ነው፤ ደረቅና ድንጋያማ መቃብር ቦታ ላይ። ቆፋሪዎቹ ድንጋዩ በዛ ብለው ሲያማርሩ እኔ ደስ አለኝ።

ባለፈው በጋ ሦስት ወጣቶች ቤታችን መጡ። ከዚያው ቀበሌ ናቸው፤ አንደኛውን ሦስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ሜትርና ደብተር ይዘዋል። ቦዩ እንደገና ቢከፈት፣ በዘመናዊ መንገድ፣ በኤክስካቫተር ቢሠራ ምን ይመስልሃል ብለው ባለቤቴን ጠየቁት። ሐይቁ ዳር መሬት የሌላቸው ናቸው፤ ከተማው እየሰፋ ከላይ በኩል ያለውን እርሻ እየበላባቸው ነው። ባለቤቴ ሁሉንም ነገራቸው። ቦቲውን፣ ላሟን፣ ዛፎቹን፤ ከእኔ በቀር ለማንም ተናግሮ የማያውቀውን ፍሙንም ነገራቸው። ጫማውን አውልቆ እግሩን አሳያቸው። በአክብሮት አዳመጡ። የቀዳሁላቸውን ውሃ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ወጡ።

ከወር በኋላ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ገበያ ላይ አግኝታኝ ከዚያ በኩል የማሽን ድምፅ እንደሚሰማ ነገረችኝ። ሐይቁ ትንሽ ሸሽቷል አለች። ጥቁር መሬት ብቅ ብሏል፣ ገና ርጥብ ነው፣ ወጣቶቹ ግን ከወዲሁ እየተካፈሉት ነው አለችኝ። ሄጄ አላየሁም። ባለቤቴም አልሄደም።